የእማማ እንጉዳይ ቀኝ ዓይን

ሃዳር ከሥራ ወጥታ እናቷ ቤት ስትደርስ አዲስ ቀሚስ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘች።

«ከገበያው አጠገብ ነው የገዛሁት» አለች እናቷ ፀሐይቱ። «ሐሙስ አይደል የሚሸልሙሽ? አጎትሽን ዳኛውንም ጠርቸዋለሁ። ልጄ በአገራችን ቋንቋ የአሮጊት ዓይን አዳነች ብየ ፋብሪካ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

«በሰደር፣ ኢማ» አለች ሃዳር በዕብራይስጥ፤ እሺ እማዬ ማለቷ ነው። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሃዳር እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ተወልዳ ያደገች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ እዚያው ባለ አንድ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ነርስ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ዶክተር ባራክ ከሚመራው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ጋር ከጎንደር ወጣ ብላ ወዳለች ከተማ ሄዳ፣ ዐሥር ቀን ሙሉ ሞራ የጋረደው ዓይን በነጻ ሲያክሙ አብራ ሰንብታለች። የእናቷን አገር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት ስድስቱ የቡድኑ አባላት ከመኪና ወርደው ወደ ጤና ጣቢያው ግቢ ሲገቡ፣ የበሩ ዘበኛ አምስቱን እጅ ነሥቶ አሳለፈና ሃዳርን በዱላው አገዳት። «አንቺ ወረፋሽን ጠብቂ እንጂ! ከፈረንጆቹ ጋር ጥልቅ የምትይው የት ነው?»

ባልደረቦቿ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። እሷ ግን ፊቷ ነደደ። መታወቂያዋን አውጥታ ዘበኛውን በእንግሊዝኛ ተናገረችው። ጥቂት እንደሄዱ ባራክ «አማርኛ ትችያለሽ አይደል? አስተርጓሚያችን ሀይሉ ብቻውን ነው፤ ብታግዢው» ሲላት፣ «በልጅነቴ ነው የረሳሁት» አለችው።

ውሸቷን ነበር። እናቷ ከምትላት አንድ ቃል አያመልጣትም።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ገና ጎሕ ሲቀድ መኪናው ይወስዳቸዋል። ሲደርሱ ሕዝቡ ከግቢው ተርፎ መንገድ ዳር በየጋቢው ተጠቅልሎ ይጠብቃቸዋል። ሀይሉ ስም ይጠራል፤ ሃዳር ካርዱን እያየች ከሚታከመው ዓይን በላይ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ትለጥፋለች፣ ጠብታ ትጨምራለች፣ እጃቸውን ይዛ ወደ አልጋው ታደርሳቸዋለች። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሁሉም ባለበት ይቆማል። በማግስቱ ፋሻ ሲፈታ ግቢው በእልልታ ይሞላል። በሽተኞቹ ይመርቋታል፤ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቋታል። እሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። በአራተኛው ቀን «ዲዳዋ» የሚል ስም እንዳወጡላት ሰማች። እንዳልሰማ ሰው ጠብታዋን መጨመር ቀጠለች።

በስድስተኛው ቀን ከቆላ የሁለት ቀን መንገድ የመጡ እማማ እንጉዳይ የሚባሉ አሮጊት ገቡ። ሃዳር ካርዱ እንደሚለው ከቀኝ ዓይናቸው በላይ ፕላስተሩን ስትለጥፍ እጇን ያዟት።

«ልጄ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን። ይኸ እኮ ደኅናው ነው። አንቺንም የማይሽ በሱ ነው። የጠፋብኝ ግራው ነው።»

ሃዳር በደንብ ሰማቻቸው። ሀይሉን በዓይኗ ፈለገች፤ የለም። ባራክ ከውስጥ «ያላ፣ ቶሎ፣ ቀጣዩ» ይላል። አሁን አፏን ብትከፍት ስድስት ቀን መዋሸቷ ሊታወቅባት ነው። ካርዱን የጻፈው ሰው ሳያውቅ አይጽፍም፣ ሐኪሙም ራሱ ያየዋል ብላ ራሷን አታለለች። የአሮጊቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጇ አላቀቀችና መርታ አስገባቻቸው።

አልጋው ላይም ሆነው «ደኅናውን ነው፣ ኧረ ደኅናውን ነው» ይሉ ነበር። «ሁሉም ይፈራሉ» አለ ባራክ። ቀኙም ትንሽ ሞራ ጀምሮት ስለነበር አልተጠራጠረም። ማደንዘዣውን ወጋ። ምላጩን ሲያነሣ ነው የሃዳር አፍ የተፈታው።

«ቁም። ይኼኛው ዓይን አይደለም። ደኅናው ነው እያሉ ነው።»

ባራክ እጁን ሰበሰበ። «መቼ ነገሩሽ?»

«አሁን» አለች። «ጥቂት ጥቂት ይገባኛል።»

ዓይኑ ተረፈ። ማደንዘዣው ግን እስኪለቅ ድረስ እማማ እንጉዳይ ሁለቱም ዓይናቸው ጨልሞ፣ በረንዳው ጥግ ተቀምጠው «አጠፉኝ፣ አጠፉኝ» ሲሉ ዋሉ። ሀይሉ አጠገባቸው ተቀምጦ አባበላቸው። ሃዳር ግን በዚያ በኩል ላለማለፍ በጓሮ ትዞር ነበር። በማግስቱ ግራው ታከመና እያዩ አገራቸው ገቡ። ባራክ ወሬውን ለቡድኑ ነገረ፤ ቡድኑ ለሆስፒታሉ፤ ሆስፒታሉም የምስጋና ወረቀት አዘጋጀ።

ይህን ሁሉ ሃዳር ሶፋው ላይ ሆና፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በአማርኛ፣ ለእናቷ ተናገረች።

ፀሐይቱ ሰምታ ስትጨርስ «መጀመሪያ ሲነግሩሽ ሰምተሻል?» ብላ ጠየቀች።

«ሰምቻለሁ።»

ፀሐይቱ ተነሥታ ቀሚሱን ከበሩ አወረደችና አጥፋ ከረጢቱ ውስጥ መለሰችው። «እኔ እዚህ አገር እንደመጣሁ ሆዴን ሲያመኝ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሆዴን እላለሁ፣ ራሴን ያያሉ። የሚሰማኝ አጥቼ አለቀስኩ። የምትሰማኝ ልጅ እዚያ ቆማ ዝም ብላኝ ቢሆን ኖሮ…» አለችና አቋረጠች። «እንጃ፣ ልጄ። ይቅር የምላት አይመስለኝም።»

በማግስቱ ሃዳር ባራክ ቢሮ ገብታ እውነቱን ነገረችው። እሱም «ምላጩ እኔ እጅ ላይ ነበር፣ ሃዳር» አለ። ሽልማቱ ቀረ። ከሚቀጥለው ዓመት ቡድን ስሟ ወጣ። ሻይ የሚፈላበት ክፍል ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር።

ሀይሉ ዘንድ ደወለች። እሱም ቆላ ወርዶ በገበያ ቀን እማማ እንጉዳይን ፈልጎ በስልክ አገናኛት። ሃዳር ሆስፒታሉ በር ላይ ካለው አውቶቡስ መቆሚያ ተቀምጣ ነበር።

«ማን ልበል?» አሉ አሮጊቷ።

«ዲዳዋ ነኝ። ያን ቀን… አንቺ ስትነግሪኝ… አንቱ ሲነግሩኝ ሰምቼ ነበር።»

«እሱንማ አውቄዋለሁ» አሉ። «እጄን ስታላቅቂ አወቅሁ። ያልሰማ ሰው እንደዚያ አድርጎ አይለቅም።»

ሃዳር ይቅርታ ለማለት ቃሉን ፈልጋ አገኘችና አለች።

«ዓይኔስ ደኅና ነው፣ ይመስገን» አሉ እማማ እንጉዳይ። «የዚያን ቀኑ ጨለማ ግን ከልቤ አልወጣም። እናት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

«ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«እንግዲያ ደኅና ሁኝ» ብለው ስልኩን ለሀይሉ መለሱለት። ሀይሉ ሌላ የሚነገራቸው እንዳለ ጠየቃት። ሃዳር የለም አለችው።