ስም ያልወጣለት ግራዋ

ማጭዱ ጠፋ ተብሎ ቤቱ ሲታመስ ዓይናዲስ ማጭዱ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

እናቷ የሻረግ አልጋ ሥር ገብታ ወጣች፤ የዱቄቱን ጆንያ አንስታ አየች፤ ጓሮ ደርሳ ተመለሰች።

"አንቺ ልጅ፣ ማጭዱን አላየሽውም?"

"ትናንት እዚህ ነበር።"

"ትናንትማ ሁላችንም እዚህ ነበርን! አሁን የት ገባ ነው የምልሽ?"

"እንጃ እማዬ፤ ሳር ሊያጭድ ወጥቶ ይሆናል።"

የሻረግ ሳቋ መጣባት፤ ግን ዋጠችው። በዚህ ሳምንት ለሳቅ ጊዜ የላትም። የገብርኤል ማኅበር ጽዋ በእሷ ቤት ነው። ጠላው መጠንሰስ አለበት፤ ከዚያ በፊት ጋኑ መታጠብ አለበት፤ ጋን ደግሞ ያለ ግራዋ አይታጠብም።

ግራዋማ በየአጥሩ ሞልቷል። ጣጣው የአጥር ግራዋ ምሬቱን ሸክላው ላይ ጥሎ መሄዱ ነው። እሱን ለማስለቀቅ ጋኑን ደጋግሞ መለቅለቅ ያስፈልጋል፤ ምንጩ ደግሞ ያለው ገደሉ ሥር ነው። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የዚህች መንደር ሴቶች ለዚህ መላ አላቸው። ከደብራቸው ደን ውስጥ፣ በጥዶቹ መሀል፣ ቅጠሉ ሰፋ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ቁጥቋጦ ይበቅላል። "የደን ግራዋ" ይሉታል። ወቅጠው ጋኑን ፈትገው አንዴ ለቅለቅ ካደረጉት አለቀ፤ ጠላው ማር ነው። ከዚያ ደን ጭራሮ መልቀም እንኳ ክልክል ነው፤ ለጽዋ ጋን ሲሆን ግን ማንም ምንም አይልም። ስለዚህ በየወሩ ተራ የደረሳት ሴት ማጭዷን ይዛ ትወጣለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳይቆረጥ የቀረው አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ሆነ። ሌሎቹ ጉቶ ናቸው፤ ትንሽ ያቆጠቁጣሉ፣ ሳያብቡ ደግሞ ይታጨዳሉ።

ይህን ለዓይናዲስ ያሳየቻት ሂንድ ናት። ሂንድ ከደሴ የመጣች የዕፅዋት ተመራማሪ ናት። ባለፈው ወር ቅጠል ጋዜጣ መሀል እያስተኛች ስትጫን ዓይናዲስ አግኝታት፣ "ይሄን ሁሉ ተምረሽ ቅጠል ልታስተኚ ነው?" ብላ ነበር የተዋወቀቻት። ሂንድ እስክትጠግብ ሳቀችና ከጎኗ አስቀመጠቻት። አንድ አበባ የሚመስለው ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው እንደሆነ፣ ልክ እንደ አደይ አበባና እንደ ሱፍ፣ በአጉሊ መነጽር አሳየቻት።

"ይሄ ግራዋ አይመስለኝም" አለቻት የደኑን ቁጥቋጦ እያሳየች። "ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ምናልባት እስከዛሬ ማንም ያልመዘገበው ይሆናል። ግን ዘሩንና ዘሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ፀጉር ሳላይ አፌን ሞልቼ አልናገርም።"

ዘሩ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀረው። ሂንድም በሳምንቱ መጨረሻ ትመለሳለች። ዓይናዲስ ማጭዱ ላይ የተቀመጠችው ለዚህ ነው።

"ተነሽ እስቲ" አለች የሻረግ በድንገት።

"ምስሩ ይደፋል።"

"ተነሽ!"

ተነሳች። የሻረግ ማጭዱን አየች፣ ልጇን አየች፣ ደግሞ ማጭዱን አየች።

"እንደ ዶሮ ታቅፈሽው ነው እንዴ?"

"እማዬ፣ አትቁረጪው። ዘር ይዟል።"

"ቢይዝስ፣ ጤፍ ነው?"

"አንዱ ብቻ ነው የቀረው! እሱን ከቆረጥሽው በሚመጣው ወር ምን ልትቆርጡ ነው?"

"የሚመጣው ወር የኔ ተራ አይደለም። በኔ ተራ ጠላው መረረ ቢባል እማማ ወለተ ሐና እስከ ኩልመስክ ነው የሚያወሩልኝ።"

"እንግዲያው ለቄሰ ገበዙ እነግራለሁ!"

"ሂጂ ንገሪ! ማጭዱን ግን..."

ዓይናዲስ ማጭዱን ይዛ እየሮጠች ነበር።

ቄሰ ገበዝ ደሳለ፣ የደብሩ ንብረት ጠባቂ፣ ከቅጥሩ በር ላይ ተቀምጠው የደወል ገመድ ይገምዳሉ። ከሩቅ አይተዋታል።

"ማጭድ ይዘሽ ወደ ደን?"

"ልቆርጥ አይደለም አባ፤ እንዳይቆረጥ ነው።"

"በማጭድ?"

"እማዬ ሌላ የላትማ።"

መስቀላቸውን አሳለሟት፤ የመጣችበትንም ሰሟት። "የደን ግራዋውን ይገዝቱልኝ" ስትል ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ግዝት በስም ነው ልጄ፤ 'የደን ግራዋ' ስትሉትም ለሰው ያው ግራዋ ነው። 'ግራዋ አትቁረጡ' ብዬ ብገዝት አገሩ ሁሉ ጋኑን በምን ሊያጥብ ነው? ስሙን ለይቼ ካልጠራሁት ሰው ሳያውቀው ግዝት ይጥሳል።"

"ሂንድ ዘሩን ስታይ ስም ታወጣለታለች።"

"ስሙ ሲወጣ ነይ።"

"ያን ጊዜማ የሚገዝቱት ጉቶውን ነው! ለሷ ዘሩን ካላየሁ ስም የለም ነው፤ ለእርስዎ ስም ከሌለ ግዝት የለም ነው፤ ግዝት ከሌለ ደግሞ ዘር የለም። ይሄ ቁጥቋጦ በማን ዕዳ ነው የሚሞተው?"

ቄሰ ገበዙ ገመዳቸውን ቀጠሉ። ዓይናዲስም አልሄደችም። ቆማ ቆማ እንዲህ አለች፦

"አባ፣ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በስንት ቀኗ ነው?"

"በሰማንያ። ምን አመጣው?"

"እስከዚያ የክርስትና ስም የላትም። ስም የላትም ተብላ ገደል ትጣላለች?"

ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት።

"ይሄን ምላስ ይዘሽ ከሰባተኛ ክፍል ቀረሽ? መምህሮችሽ ተገላገሉ!" አሉና ወዲያው ኮስተር አሉ። "ቁጥቋጦን ከክርስትና ጋር አታስተያዪ። ስም ሳይኖረው አልገዝትም፤ አንዴ ብያለሁ። ግን ጋን አጣቢዋ አንቺ አይደለሽም? በደን ግራዋ እጠቢ ብሎ ያዘዘሽ ቄስ የለም።"

"ማለት?"

"ማለትማ፣ ውሃው ሩቅ ነው።"

ገባት። ቤቷ ስትደርስ ማጭዱን ለእናቷ አልመለሰችም፤ ከአጥሩ ግራዋ አጨደችበት። የሻረግ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ይመራል ብዬሻለሁ!"

"እስኪለቅ አጥበዋለሁ።"

"እኔ አንዲት ጀሪካን አልሸከምልሽም።"

"ማን ለመነሽ?"

ወቀጠች፣ ጋኑ ውስጥ እስከ ብብቷ ገብታ ፈተገች፣ ለቀለቀች። ከዚያ ቢጫውን ጀሪካን አዝላ ገደሉን ወረደች፤ ወጣች፤ ደግማ ለቀለቀች። የሻረግ አፍንጫዋን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግታ ታሸታለች።

"ገና ነው።"

ደግሞ መውረድ፣ ደግሞ መውጣት።

"ገና ነው።"

የጀሪካኑ ገመድ ትከሻዋን ላጠው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሻረግ አሸተተችና ወይራ አምጥታ ጋኑን ማጠን ጀመረች። ዓይናዲስ እዚያው ምድር ላይ ተዘረረች።

ሂንድ እንደ ቃሏ መጣች። ዘሩ ደርሶ ነበር። በአጉሊ መነጽሩ አይታ አይታ ብድግ አለች።

"ግራዋ አይደለም! ወላሂ አይደለም! ፀጉሯን ተመልከቺ እስቲ!"

"እና ስሙ ማነው?"

"ቆይ እንጂ! ገና ከድሮ ናሙናዎች ጋር አስተያያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሌሎች ያዩታል። ዓመት ይፈጃል፤ ሊበልጥም ይችላል።"

"ዓመት? በዓመት ስንት ጽዋ እንዳለ ታውቂያለሽ?"

"አብሽሪ! ከዘሩ ከፊሉን ችግኝ እናፈላለን። ጉቶዎቹም ካልተነኩ ያብባሉ።"

"ካልተነኩ" አለች ዓይናዲስ ለራሷ።

የማኅበሩ ዕለት ቤቱ ሞላ። ዓይናዲስ ጆጉን ይዛ ተነሳች፤ እንደ ወጉ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። መረር ይላል። ብዙ አይደለም፤ ምላስ ዳር ላይ ብቻ። ፊቷን ሳታጨማድድ ዋጠችና መቅዳት ጀመረች።

"ኧረግ!" አሉ እማማ ወለተ ሐና ገና አንዴ እንደተጎነጩ። "የሻረግ፣ ጌሾ በዝቶብሻል እንዴ?"

የሻረግ አንገቷን ደፋች።

"ጌሾው ልክ ነው እማማ" አለች ዓይናዲስ። "የአጥር ግራዋ ነው። ያጠብኩትም እኔ ነኝ።"

ቄሰ ገበዝ ደሳለ ዋንጫቸውን ጨልጠው ዘረጉ። "ድገሚኝ" አሉ።

ጽዋው ሲዞር የሚመጣው ወር ተራ የደረሰው ለእማማ ወለተ ሐና ነበር። ተቀብለው ተሳለሙትና ዙሪያቸውን ቃኙ።

"በኔ ቤት መራራ አይጠጣም። ማጭዴ እንደሆነ ስል ነው!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዓይናዲስ ትከሻዋን ዳሰሰች፤ ገና አልዳነም።

"የእርስዎንም ጋን እኔ አጥብልዎታለሁ" አለች።

"ውሃውንስ?"

"ውሃውንም።"

"ጎበዝ! ከኔ ቀጥሎ ለሚደርሳትስ?"

ዓይናዲስ እናቷን አየች። የሻረግ በዓይኗ ተይ፣ ተይ ትላታለች።

"የሷንም" አለች ዓይናዲስ። "ስም እስኪወጣለት ድረስ የዚህን ማኅበር ጋን ከኔ በቀር ማንም አይነካም።"

"ዕድሜ ልክሽን ባይወጣለትስ፣ አንቺ?"

"እንግዲያው ምሬቱን ይልመዱታ እማማ!"

አለችና ጆጉን አንስታ የእማማ ወለተ ሐናን ዋንጫ እስከ አፉ ሞላችው።