ነገሳ ውሃ የዋጠ ዕለት

ነገሳ ከጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ ዓለም ገና ከተማ ውስጥ ከሚስቱ ከየወይንሐረግ ጋር የሚኖር፣ ሥጋና ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያዘው። መጀመሪያ እንጀራ አልወርድለት አለ፤ ከዚያ ሾርባ፣ በመጨረሻም ምራቁ። የወይንሐረግ እንዳያምረው ብላ ጓዳ ገብታ መብላት ጀመረች።

በቀጠሮው ጠዋት የጅማ መንገድ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተዘግቶ ነበር። ጎረቤታቸው እውነቱ ግን በባጃጁ ይዟቸው ወጣ። ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች ሲያስቆሟቸው የወይንሐረግ ወረደችና በኦሮምኛ፣ “ልጆቼ፣ ባሌ ውሃ እንኳ መዋጥ አቅቶታል። ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነው” አለቻቸው።

አንደኛው ጎንበስ ብሎ ነገሳን አየው። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ድንጋዩን በእጃቸው ገለል አድርገው፣ “ነጋቲ፣ ኦቦ!” እያሉ መልካም መንገድ ተመኝተው አሳለፏቸው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሟ ማርያማዊት አልደበቀቻቸውም።

“በሽታውን የሚያድን ነገር የለም” አለች። “ግን ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ በአፍዎ አስገብተን የጠበበው ቦታ ላይ እንተወዋለን። እዚያ ሲደርስ ይሰፋና ምግብ ያሳልፋል።”

ነገሳ ሚስቱን አየና፣ “ይግባ” አለ።

ከማደንዘዣው ሲነቃ፣ “ወይኔ! ወይኔ!” አለ። ነርሷ ሮጣ መጣች።

“አባባ፣ አመመዎት?”

“ደረቴን ትንሽ ይጫነኛል። ግን ሚስቴን ነው የጠራሁት፤ ወይኔ ነው የምላት።”

አጠገቡ የተኙት በሽተኞች ሳይቀሩ ሳቁ።

ሐኪሟ ስትፈቅድ የወይንሐረግ ውሃ በማንኪያ ሰጠችውና ዓይኗን ጉሮሮው ላይ ተክላ ጠበቀች። ወረደ። ደገመችው፤ እሱም ወረደ። እሷ እንባዋን ስትጠርግ እሱ፣ “ቀጥሎ ክትፎ ነው?” አላት።

“ለስላሳ ምግብ ብቻ ተብለሃል! ያውም ቀና ብለህ ተቀምጠህ።”

ቤት ሲገቡ ድንች በወተት አልማ አቀረበችለት። ወደ ጓዳ ልትመለስ ስትል ቀሚሷን ያዛት።

“ያንቺንም አምጪና እዚህ ብዪ።”

“ታውቅ ነበር እንዴ?”

“ቆሎ ስትቆረጥሚ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል እኮ!”

ከዚያ ወዲያ አብረው በሉ። ሰኔ ሲገባ ነገሳ በእንቅልፉ አረፈ። ለቀስተኞቹ “ብዙ ተሰቃየ” ሲሉ የወይንሐረግ፣ “እሱስ ልክ ነው” አለች። “ግን ባለፈው እሑድ ሁለት ሳህን አጃ በልቷል። ሁለተኛው የኔ ነበር፤ ነጥቆኝ ነው።”