ቀዳዳ የሌለው ጊታር

ለቀበሌያችን ኪነት ከወዳጅ አገር የመጣው ጊታር ቀዳዳ አልነበረውም።

«ሠርተው ሳይጨርሱት ነው የላኩልን?» አለ ሊቀመንበሩ ጓድ መሸሻ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በጣቱ እያንኳኳው። «ድምፁ በየት ሊወጣ ነው?»

እኔና ወንድሙ የሚባለው አብሮ አደጌ ፊቱ ቆመናል። ወንድሙ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቷል፤ ጊታር ተጫዋች ሆኖ ኪነቱ ውስጥ ከተያዘ ግን ይቀራል ተብሏል። እናቱ «እንግሊዝኛ ታውቃለህ፣ አፍ ሁንለት» ብለውኝ ነው የመጣሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ቤት ተቀምጬ አሮጌ መዝገበ ቃላት ከማገላበጥ በቀር ሥራ የለኝም።

«ካርቶኑ ላይ ምን ይላል?»

«ሶሊድ-ቦዲ።»

«ሶሊዳሪቲ ለማለት ነው! የትብብር ስጦታ መሆኑ ነው።»

«አይ ጓድ፣ ሶሊድ ድፍን፣ ቦዲ ገላ። ድሮ ጊታር ሁሉ ሆዱ ባዶ ስለነበር መለያ ስም አላስፈለገውም። ኤሌክትሪክ መጥቶ ከድፍን እንጨት ሲሠሩት ነው ይሄን ያወጡለት። ድምፁ በሽቦ ነው የሚወጣው።»

ወንድሙ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። በቃ፣ ዝም በል ማለቱ ነው። እኔ ግን ቃል ከያዝኩ መመለሻ የለኝም።

«ደሞ የሚገርመው... ሥሩ የሮማውያን ቃል ነው፤ ሙሉ፣ የማይጎድል ማለት። የወርቅ ገንዘባቸውንም በዚያው ጠሩት። በዚያ ገንዘብ የሚያድረው ሰው ደግሞ ሶልጀር ተባለ። ወታደር! ሶሊዳሪቲም ከዚያው ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው።»

ጓድ መሸሻ እስኪያስለው ሳቀ። «አንተ ልጅ! ወታደርን ከነሥሩ ነቅለህ አመጣኸው እኮ!»

እኔም ሳቅሁ። ወንድሙ እንኳ ሳቀ።

«በል ያዘው» አለው ጊታሩን ወደ ወንድሙ እየገፋ። «ቀርተሃል።»

ወንድሙ እንደ ሕፃን አቀፈው። ላመሰግን አፌን ስከፍት ጓድ መሸሻ እስክሪብቶውን አነሳ።

«በእሱ ቦታ እንግዲህ አንድ ሰው ጎደለኝ። የውትድርናው ኮታ ደግሞ... ምን ነበር ያልከው? የማይጎድል?» ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። «የአባትህ ስም ማን ነበር፣ ስለሺ?»

ቀልድ መስሎኝ ወንድሙን አየሁት። ወንድሙ መሬት መሬት ያያል። የአባቴን ስም አንድ ሰው ሲናገር ሰማሁ፤ ድምፁ የእኔ ነበር።

ወንድሙ ሳያስበው ይመስለኛል፣ አንዱን ክር ነካው። ማጉያ ላይ ያልተሰካ ጊታር ድምፁ እንደ ትንኝ ነው። ከእኔ በቀር የሰማው የለም።