እስኪቆም ድረስ

መካኒኩ የቤንዚን ታንኩን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ አጮለቀ፤ መልሶ ዘጋና ቁልፉን አዞረው። በጭነት መኪና ተጎትቶ የመጣው ያ ግትር ባለአራት ጎማ ሞተር እንደ ጠገበ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ።

«ይኸው እትዬ፤ ምንም የለበትም።»

«ያለፈው ጋራዥም እንዲሁ ብሎኝ ነበር፤ ሞተሩ ግን ዳገቱ ላይ ድርቅ አለ።»

«እኛ ጋ እየሠራ ምኑን እንጠግነው?»

ሴትዮዋ ሞተሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ቢጎትቷትም እንደማትወርድ አቀማመጧ ይናገራል። ይህን አሮጌ ሞተር የገዙት ጉልበቱ ለከዳው ባሏ ነበር፤ ከተራራው ጀርባ ወዳሉት ንቦቹ እንዲያወጣው። ሞተሩ ግን መንገድ ላይ ጥሎት፣ ሰውየው ፀሐይ ሲጠብሰው ውሎ በሰው ትከሻ ወረደ። ከዚያ ወዲያ «በቃኝ» አለ። ነገ ቀፎዎቹን የሚገዛ ሰው ይመጣል። ቀፎዎቹ ከሄዱ ባሏ ከተቀመጠበት ዳግመኛ እንደማይነሣ ታውቃለች፤ ለማን ትናገረው?

ስትብሰለሰል ረፈደ። በመጨረሻ «ጆሮ» የሚሉት ሽማግሌ፣ የጋራዡ ዋና ባለሙያ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ሞተሩን አልነካውም።

«ንጂው፤ እኔ ከኋላሽ እቀመጣለሁ። እስኪቆም እንሄዳለን።»

ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ አሳለና ጸጥ አለ።

«እሰይ፤ አሁን ምስክር አገኘሁ» አለች።

ሽማግሌው ዝም እንድትል እጁን አነሣ። ጆሮውን ታንኩ ላይ ለጥፎ ክዳኑን ቀስ ብሎ አላላው። ታንኩ እንደታፈነ ሰው አየር ሲምግ ተሰማ።

«ትንፋሽ አጥሮት ነው። ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር በክዳኑ ቀዳዳ አየር መግባት አለበት፤ ቀዳዳው ተደፍኗል። እኛ ደግሞ ገና ሲመጣ ክዳኑን እንከፍታለን፤ ይተነፍስና ጤነኛ ይመስለናል።» በሽቦ ጫፍ ቢጭረው ቢጫ ነገር ወጣ። አሸተተው። «ሰም ነው። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ሳታሸተው ገባት። የመስኮቱን ስንጥቅ፣ የማሰሮውን ክዳን፣ በቤታቸው ቀዳዳ የተባለን ሁሉ በሰም የሚደፍን አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሞተሩን የሸጠልን ይሆናላ፤ ያ ቀጣፊ» አለች። ስታወርድበት በከረመችው እርግማን ላይ አንድ ቢጨመር አይጎዳውም።

ሽማግሌውን ጋራዡ መልሳ ወደ ቤት ስትነዳ አፏ ሞልቶ ነበር። አንተ ሰው፣ በገዛ እጅህ ደፍነህ፣ እኔን ከጋራዥ ጋራዥ አንከራትተህ...

ባሏ ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። የሰውየው ዓይን ክዳኑ ላይ ተተከለ።

«ይኼ ቀዳዳ ተከፈተ እንዴ? አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ...» ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

አፏን የሞላውን ሁሉ ብትተፋው ሰውየው ነገ ቀፎዎቹን በገዛ እጁ ጭኖ ይሸኛል፤ ብትውጠው እሷን ያንቃታል።

«ቀፎ መሰለህ?» አለችው።

አልሳቀም። አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ሞተሩ ደጃፉ ላይ ይንተከተካል። ሁለቱም ሳይተያዩ፣ ይቆም እንደሆነ ያዳምጡት ጀመር።