ከላይ የተጻፈው ስም

«ያንቺ ስም ብቻ ነው ያለው» አለቻት አክስቲቱ ታላቂቱን እህት፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ።

ሟቿን ታናሽ ለማስታወስ ብላ የሁለቱን እህትማማቾች ዘፈን መክፈቷ ነበር። የሁለቱም ድምፅ ይሰማል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የታላቂቱ ስም ብቻ ነው። ሐሜት ለቅሶ ቤትም ወንበር አያጣምና ሹክሹክታው ተጀመረ። ታላቂቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ታናሿም ያየችው ይህንኑ ነበር። ዘፈኑ በወጣ ሰሞን ታክሲ ውስጥ ሰምታው ማጫወቻው ላይ ስሟን አጣች። ቤት ገብታ፣ «እታለም፣ እኔን የት ጣልሽኝ?» ብላ ጠየቀች። ታላቂቱ ስቱዲዮ ውስጥ የሁለቱም ስም ሲጻፍ በዓይኗ አይታ ነበር፤ መጠርጠሯ አንገበገባትና «ቅናት ነው የያዘሽ» አለቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታናሿ ዘፈን ትታ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ዳግም የተገናኙት ሆስፒታል ሲሆን ያኔ ታናሿ መናገር አቅቷት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘፈኑን የቀዳው፣ ሰፈሩ «ጆሮ» የሚለው ባለ ስቱዲዮ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ታላቂቱ ጥግ ወስዳ ጠየቀችው። ፋይሉን ከፍቶ አሳያት፤ በዘፋኝ ቦታ የሷ ስም ከላይ፣ የታናሿ ከታች ተቀምጧል። ለየብቻ የጻፋቸው ሁለቱም በየስማቸው ሲፈለጉ እንዲገኙ ነበር። አንዳንድ ማጫወቻ ግን የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ሌላውን ይተወዋል።

«ያኔ ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ መደወል ይበቃ ነበር፤ እልኋ አላስደወላትም። አሁን ማንን ይቅርታ ትጠይቅ?

ጆሮ በ«እና» አያይዞ እንደ አንድ ስም ሊጽፋቸው እንደሚችል ነገራት፤ ያኔ ግን ማጫወቻው ሌላ ሦስተኛ ዘፋኝ ያደርጋቸውና ማንኛቸውም በየስማቸው አይገኙም።

«አይሆንም። የሷን ከላይ አድርገው» አለች።

«ያንቺ አንዳንዱ ላይ አይታይም እኮ።»

«አይታይ።»

አስተካክሎ ለአክስቲቱ ስልክ ላከው።

ማምሻውን የሟቿ የሥራ ባልደረባ መጣች። አክስቲቱ ዘፈኑን ስትከፍትላት ስክሪኑ ላይ ስሟን አይታ ደነገጠች። ሟቿን ስታንጎራጉር እንኳ ሰምታት አታውቅም።

«አብራት የምትዘፍነውስ ማን ናት?»

አክስቲቱ ወደ ታላቂቱ ዞረች።

«አጃቢዋ ናት» አለች ታላቂቱ፤ ስልኩንም አንስታ የእህቷ ድምፅ በደንብ እንዲሰማት ወደ እንግዳዋ አስጠጋችላት።