በሙጫ የተለጠፈችው እናት

ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ። አንተ ፊት ያለኸው፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግላቸው። የምነግራችሁ የአንድ ወንድምና የአንዲት እህት ጠብ ነው። ደም አለበት፤ የሚፈራ ካለ የጎረቤቱን እጅ ይያዝ።

አባታቸው የሙጫ ፋብሪካ ነበረው። አጥንትና ቆዳ እየቀቀለ ለአናጢውም ለጫማ ሰፊውም ይሸጥ ነበር። ፋብሪካው የተከፈተበት ቀን ሲከበር፣ ለመታሰቢያ ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ በትልቅ ወረቀት ላይ አስሥሎ አሳተመ። መሐል የቆመው እሱ ነው። ዳር ላይ፣ ከሚፈላው በርሜል አጠገብ የምታማስለው ሚስቱ ናት። እሷ ልጅቷን በጨቅላነቷ ጥላት ሞተች፤ ልጅቷ ከዚህ ሌላ የእናቷ ምስል የላትም። አባትየው ታዲያ ወረቀቱን መስታወት ውስጥ እንደማስገባት፣ በገዛ ሙጫው ጣውላ ላይ ለጥፎ ቢሮው ሰቀለው። ሙጫ ሻጭ በምን ይኩራ።

ውሎ አድሮ ሙጫው ወረቀቱን ይሰነጥቀው ጀመር። አንድ ቀን እህት ቢሮውን ስትጠርግ፣ ከሥዕሉ ተፈርፍሮ የወደቀውን የእናቷን ክርን ከቆሻሻው መሐል አገኘችው። በማግስቱ አሮጌ ወረቀት የሚገምትና የሚጠግን ሰው ጠራች። ምስማሩን ነቅለው ጣውላውን ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት።

ጠጋኙ ዓይኑን ከወረቀቱ አስጠግቶ መረመረ። «ድንጋይ ላይ ተሥሎ ከድንጋዩ ወደ ወረቀት የታተመ ነው፤ ሌላ እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም። ግን ከጣውላው ካልተላቀቀ ያልቃል። በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ቀስ እያልን…»

«ማን ነው የሚለቀው?» አለ ታላቅ ወንድሟ ከበሩ። ፋብሪካውን የወረሰው እሱ ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። «የአባቴ ሙጫ በውሃ ይለቃል ብለህ ገበያ ልታወራብኝ ነው?»

«የአጥንት ሙጫ ሁሉ ይለቃል፣ ጌታው።»

«ጋሼ፣ አንተም ታውቀዋለህ» አለች እህት። «የሙጫ ብሩሽህን በሙቅ ውሃ ታጥበው የለ?»

የሚያውቀውን በሰው ፊት ስለነገረችው ባሰበት። በጥፊ አጮላት። ጠጋኙ መሐል ሲገባ አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ የጠጋኙ መነጽር ተሰብሮ ቅንድቡን ቀደደው።

«ይለቃል አልክ? እስቲ እንየው» ብሎ የወረቀቱን ጥግ ጨምድዶ ሳበ። ወረቀቱ በአባትየው ደረት ላይ ተተረተረ። ቅዳዱ ወደ እናትየው ሲሄድ እህት ምስማር የነቀሉበትን መዶሻ አነሳች።

እጁን መታችው። ጣቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። አልለቀቀም፤ ደገመችው። በሌላው እጁ ጸጉሯን ጠምጥሞ ወለሉ ላይ ጣላትና ጎኗን ረገጣት። እሷም ቁርጭምጭሚቱን በጥርሷ ይዛ ደሙ አፏን እስኪሞላ ነከሰችው። እንደ ግንድ ሲወድቅ አገጩ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ፤ ጥርሱ ረገፈ።

ጠጋኙ ከግድግዳው ሥር ተነሳ።

«ውሃ አሙቂልኝ» አለ ጠጋኙ፣ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ።

ጎኗን ደግፋ አሞቀች። ወንድምየው ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ አፉን ይዞ ያያል። ጨርቁ አረፈ፣ ተነሳ፣ ደግሞ አረፈ። ሙጫው እንደ ማር ላላና እናትየው ከነበርሜሏ ወጣች። ጠጋኙ ወደ አባትየው ሲዞር ወንድምየው ጣውላውን በደህና እጁ ጎትቶ አቀፈው።

«እሱን ተዉልኝ። አይለቅም።»

ተዉለት። አባትየው እዚያው ጣውላ ላይ ተፈርፍሮ አለቀ። ወንድምና እህትም ዳግመኛ አንድ ማዕድ አልቀረቡም።

ልጆቼ፣ ከወንድማችሁ ጋር ለጠብ የምትያያዙ ዕለት፣ እነዚህን ሁለቱን አስቡልኝ። አደራ።