ማህተም የሌለው ፋይል

ጋሽ ወልደሰንበት ሲገቡ ሐናን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ጠረጴዛ ስር ዘርግታ ነበር። ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ቃሊቲ ድረስ ቆማ ነው የመጣችው። አውቶቡሱ ሰውን እንደ ጆንያ ጠቅጥቆ ነው የሚጭነው። ከሰዓት ሆኖም እግሯ አልበረደላትም። ማተሚያ ቤቱ ማለት አንድ ፕሎተር፣ ሁለት ኮምፒውተርና የስቲከር ሽታ ነው። ባለቤቱ ከውሲ የአክስቷ ልጅ ነው። ከውሲ ስልክ ያነሳል፣ ደንበኛ ያጫውታል፤ የቀረው የሷ ነው።

ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ፍላሽ አወጡ። ምን እንደፈለጉ ለመናገር ከምድር ባቡር ዘመን ነው የጀመሩት። ነገሩ ሲያጥር ይሄ ነው፤ የአቃቂ የባቡር ጡረተኞችና ጎረቤቶቻቸው እድር አላቸው፣ ሊቀመንበሩ እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ አባሉ ተበተነ። ግማሹ ኮዬ ፈጬ፣ ግማሹ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባ። እሁድ ስብሰባ አለ፣ አጀንዳው አንድ ነው፤ እድሩ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል። አዲስ ድንኳን ተገዝቷል፣ ተጠቅልሎ ደጅ ተቀምጧል፤ ስብሰባው እሱ ውስጥ ነው። ድንኳኑ ላይ የእድሩ ምልክት እንዲኖር ይፈልጋሉ።

ሐናን አዲስ ቆንጆ ምልክት ልሥራልዎት አለቻቸው። እሱ ይፈጥናል።

«አዲስማ አይሆንም ልጄ። ምልክቱ ከተቀየረ ‹ድሮስ ፈርሶ የለ፣ ይሄ ሌላ እድር ነው› ይሉኛል። እሷን ሰበብ የሚጠብቁ አሉ።»

ፍላሹን ከፈተች። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ገጹ ላይ የባቡር ጎማ፣ ጎማው መሀል ሁለት የተያያዙ እጆች፣ ከስር ስሙ ቀስት ሠርቶ ተጽፏል። እጆቹ የተያያዙበት ቦታ ላይ ደግሞ ልክ መሀሉ ላይ ክብ ማህተም አርፎበታል። ስታጎላው ምስሉ ተበጣጠሰ። ደንቡን አትመው፣ ማህተም መትተው፣ ስካን አድርገው ነው ያስቀመጡት። ፋይል ይባል እንጂ ፎቶ ነው።

ፕሎተሩ ደግሞ ፎቶ አይገባውም። ያለው ምላጭ ነው። መስመር ሲሰጡት መስመሩን ተከትሎ ስቲከሩን ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ሸራው ላይ ይለጠፍና ቀለም ይረጭበታል፣ ሲላጥ ምልክቱ ይቀራል። መስመር ከሌለ ምንም የለም።

ሐናን ኮምፒውተሩ ራሱ ከፎቶው ላይ መስመሩን ይገምት ብላ ለቀቀችው። ገመተ። እጁን ከማህተሙ አልለየውም። አንደኛው እጅ ሰባት ጣት አወጣ፣ የሌላው አውራ ጣት ከማህተሙ ፊደል ጋር ተጠላልፎ መንጠቆ ሆነ።

ከውሲ ከትከሻዋ በላይ አየና፣ «ይሄማ እንኳን ሊያስተዛዝን፣ ሊያንቅ የመጣ እጅ ነው» አለ።

ጋሽ ወልደሰንበት አልሳቁም።

«ጋሼ፣ ማህተም የሌለው አለዎት? ከመምታታችሁ በፊት የነበረው፣ ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ራሱ?»

«ኦርጅናሉ እኮ ይሄ ነው። ማህተሙን እያየሽ?»

«ኦርጅናሉን አይደለም። ሌላኛውን ነው።»

«ሌላኛው ባዶ ነው። ማህተም የሌለው ወረቀት ምን ያደርግልሻል? አጥፋው ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ አጭበርባሪ እጅ እንዳይገባ።»

ሐናን ያጠፋው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሉቃስ ነው አሉ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ደንቡንም ምልክቱንም የሠራው እሱ ነው። አሁን ቂሊንጦ ፋብሪካ ተቀጥሯል። ቢደወል ስልኩ ዝግ ነው፤ ሥራ ላይ ስልክ አያስገቧቸውም። ሺፍቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እሷ የሰው ሜኑ እያረመች በግማሽ ጆሮ ሰማቻቸው። ድሮ ሰፈር ውስጥ ድንኳን ምልክት አያስፈልገውም ነበር፤ ለቅሶው የማን እንደሆነ አጥሩም ቆርቆሮውም ያውቃል። ኮንዶሚኒየሙ ግን ብሎኩ ሁሉ አንድ ነው፣ ድንኳኑም አንድ ነው። ባለፈው ከገላን የመጡት አሮጊቶች ሌላ ድንኳን ገብተው፣ ንፍሮ በልተው፣ የማያውቁትን ሰው ደህና አድርገው አልቅሰው ወጥተዋል። የራሳቸው ሟች ማዶ ብሎክ ነበር። ቤተሰቡ ያለ ሰው ቀበረ። እድር ምን ያደርጋል መባል የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«የሞተችው መሰለች ናት» አሉ። «እድሩን ከመሠረቱት አንዷ።»

ሐናን ሜኑውን ማረም ተወች። ሻይ አዘዘችላቸው።

ሉቃስ ራሱ መልሶ ደወለ። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። ፋይሉን አጥፍቶታል፣ ላፕቶፑም ተሸጧል። ሐናን ለማንም ልኮት እንደሆነ እንዲያስብ ነገረችው። አስታወሰና በራሱ ይስቅ ጀመር። ለሆነ ቢሮ በቴሌግራም ልኮት ነበር፤ አንቀበልም ብለው መለሱለት። ለምን ቢባል ማህተም የለውማ።

ላከላት። ፋይሉ ስር የቢሮው መልስ አለ፤ «ማህተም የለውም። ተስተካክሎ ይላክ።»

የሚሠሩበት የተለመደው ፕሮግራም ሳይከፈልበት የተጫነ ክራክ ኮፒ ስለነበር በዚያው ሳምንት ተቆልፎባቸዋል። ሐናን በስልኳ ኢንተርኔት ኢንክስኬፕ የሚባል ፕሮግራም አውርዳ ጭናለች፣ እሱ በነፃ ነው። ከውሲ አይወደውም። በነፃ የሚሰጥ ነገር ዞሮ ዞሮ ያስከፍላል ባይ ነው።

ፒዲኤፉን በኢንክስኬፕ ከፈተችው። ፊደሉን እንዴት ላምጣልሽ ሲላት ሳታነብ እሺ አለች፤ የእድሩ ስም ሳጥን በሳጥን ሆኖ መጣ። ፎንቱ እሷ ጋ የለም። ተራገመችና ዘግታ እንደገና ከፈተች፤ አሁን ፊደሉን እንደ ስዕል አምጣው አለችው። መጣ። ገጹ በሙሉ አንድ ላይ ታስሯል። ፈታችው። ውስጡ ሌላ እስር አለ፣ እሱንም ፈታች። ከዚያ ደንቡን ከነአንቀጹ እየመረጠች አጠፋች፤ መዋጮው ሄደ፣ ቅጣቱ ሄደ፣ ነጩ ጀርባ ሄደ። ጎማው፣ እጆቹና ስሙ ቀሩ። የጎማው መስመር ወፍራም ይምሰል እንጂ ለምላጩ አንድ ቀጭን ክር ነው፣ ስለዚህ ዳርና ዳር እንዲኖረው ወደ ቅርጽ ቀየረችው። አጎላችው። አንድ ጥፍር ስክሪኑን ሞላው። መስመሩ አልተበጣጠሰም።

ጋሽ ወልደሰንበትን ጠራቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ፣ ብዙ ቆዩ።

«ጎበዝ» አሉ። «ማህተሙስ?»

ከውሲ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወጣ ጋሼ። እሱን ለማስወጣት አይደል ከሰዓቱን ሙሉ የለፋነው?»

«ሰው የሚያውቀው ከነማህተሙ ነው እኮ። በየቤቱ ያለው ደብተር ላይ እንደዚያ ነው። ይሄ ራቁቱን ነው።»

ሐናን ልትቆጣ ነበር። ግን መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል።

«ማህተም አልቆርጥም» አለች። «ማህተም ቆርጬ ብሰጥዎት ነገ ማንም አንስቶ ይመታበታል። አጭበርባሪ እጅ እንዳይገባ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። የራሳቸው ቃል ነው።

«እውነትሽን ነው። ቁረጪው።»

ፕሎተሩ እየተንጫጫ ቆረጠ። የድንኳኑን ሸራ ደጁ ላይ ዘርግተው ለጠፉበት፣ ከውሲ ጃኬቱን አውልቆ አረንጓዴውን ቀለም ረጨ። ሲላጥ ጎማውም እጆቹም ጥርት ብለው ቀሩ፤ አምስት አምስት ጣት። መንገደኛ ቆሞ አየ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጋሽ ወልደሰንበት ከጎኑ አልተነቃነቁም።

ሲደርቅ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሌላ ፌስታል አወጡ። ማህተሙ ነው። ለካ ይዘውት ነው የሚዞሩት። እፍ እፍ አሉበት፣ ተንበርክከው ሁለቱ እጆች የተያያዙበት ቦታ ላይ ሙሉ ክብደታቸውን አሳርፈው መቱት። ሲያነሱት የእንቁላል አስኳል የምታክል ሐምራዊ ክብ ቀርታለች። ሁለት እርምጃ ሲርቁ አትታይም።

«አሁን ሆነ» አሉ።

ሐናን ድንኳኑን ሲያጥፉ አገዘቻቸው።

እሁድ ስብሰባው ከቤቷ ብዙም አይርቅም ነበር፣ አልሄደችም። ተኛች። ሰኞ አልደወሉም፣ እሷም አልደወለችም። ከውሲ አንዴ እድሩ ምን ሆነ አላት፣ እኔ ምን አውቃለሁ አለችው።

ከዚያ አንድ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ በሰው ብብት ስር በመስኮቱ አየችው። ከታች ካሉት ብሎኮች መሀል ድንኳን ተተክሏል፣ አረንጓዴ ጎማ፣ ሁለት እጅ። ማዶ ሌላ ድንኳን አለ፣ ምልክት የሌለው። ከገላን ታክሲ የወረዱ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት አሮጊቶች አቀበቱን እየወጡ ነው። አንዷ ቆመች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አየች። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ጎማው ሄዱ።

ማን ሞቶ ይሆን ብላ አሰበች። አላህ ያጽናቸው አለች በልቧ። ማህተሙን ለማየት አንገቷን አሰገገች፤ አውቶቡሱ ተነሳ።

«ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ ትኬት ቆራጩ።

ጠጋ አለች።